የመጀመሪያ አልበማችሁን ስቱዲዮ ሳትገቡ ጨርሱት

ይህ ጽሑፍ ጊታር፣ ቤዝና ድራም ይዘው ለሚሰባሰቡ፣ የራሳቸው ጥቂት ዘፈኖች ላሏቸውና «አልበም እንሥራ» ማለት ለጀመሩ ልጆች ነው። አዲስ አበባም ሁኑ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ልዩነት የለውም። አሳታሚ የላችሁም። ስፖንሰር የላችሁም። ያላችሁ በየወሩ ከኪሳችሁ የምታዋጡት ገንዘብ ነው። በዚያ ገንዘብ ደህና የሮክ አልበም ይወጣል ወይ? ይወጣል። ግን የሥራው ትልቁ ክፍል የሚያልቀው ማይክ ፊት ከመቆማችሁ በፊት ነው። ብዙ ባንድ ብሩን የሚጨርሰው ይሄን ገልብጦ ስለሚሠራው፣ ማለትም ስቱዲዮ ገብቶ በሰዓት እየከፈለ ዘፈን መጨረስ ስለሚጀምር ነው።

እንደ ምሳሌ አንድ አልበም ይዤ እሄዳለሁ። ዘ ስትሮክስ የሚባሉት የኒውዮርክ ሮክ ባንድ በ2001 ያወጡት የመጀመሪያ አልበማቸው፣ «ኢዝ ዚስ ኢት»። (ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።) ካልሰማችሁት አሁን አቁሙና ስሙት። 11 ዘፈን ነው፣ 37 ደቂቃ አይሞላም፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማችሁ ያልቃል። ሁለት ጊታር፣ ቤዝ፣ ድራም፣ ድምፅ። ከዚያ ውጭ ምንም የለም ማለት ይቻላል። ስትሰሙት «ይሄንንማ እኛም እንጫወተዋለን» ማለታችሁ አይቀርም። እውነታችሁን ነው። ከባዱ ነገር ያለው ሌላ ቦታ ነው።

ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ልጆቹ ማንሃተን ውስጥ ርካሽ የልምምድ ክፍል ተከራይተው ሌት ተቀን ይለማመዱ ነበር። ከዚያ ጎርደን ራፋኤል ከሚባል ፕሮዲውሰር ጋር ሦስት ዘፈን ቀዱ። ያ ሥራ በ2001 መጀመሪያ ላይ በእንግሊዙ አሳታሚ ራፍ ትሬድ በኩል ሲወጣ ትልልቆቹ የሙዚቃ ኩባንያዎች ተሻሙባቸውና ከእነሱ አንዱ የሆነው አርሲኤ አስፈረማቸው። አሁን ገንዘብ አለ። ስለዚህ ትልቅ ስም ያለው ሰው ተሞከረ፤ ፒክሲስ ከሚባለው ባንድ ጋር የሠራው ፕሮዲውሰር ጊል ኖርተን። የወጣው ሥራ ንጹህ ነበር፣ ለእነሱ ጆሮ ግን ከመጠን በላይ ንጹህ። ጣሉትና ኢስት ቪሌጅ ውስጥ ወዳለው የራፋኤል ምድር ቤት ስቱዲዮ ተመለሱ። አልበሙ የተቀዳው እዚያ ነው፣ ማርችና ኤፕሪል ላይ።

ትልቅ ስም ያለውን ሰው እምቢ ለማለት የቻሉት የሚፈልጉትን ድምፅ አስቀድመው ስለሚያውቁት ነው። ባያውቁት ኖሮ «እሱ ያለው ይሁን» ብለው ይቀበሉ ነበር። እናንተም ስቱዲዮ ስትገቡ የሚያጋጥማችሁ ይኸው ነው። ባለሙያው በልምዱ የሚያውቀውን ድምፅ ይሰጣችኋል፣ እናንተ ደግሞ ምን እንደጎደለ መናገር ያቅታችሁና አንገታችሁን እየነቀነቃችሁ ከፍላችሁ ትወጣላችሁ።

ድምፁን ወስኑ፣ ወሳኙንም ወስኑ

ዘፋኙና የዘፈኖቹ ደራሲ ጁሊያን ካዛብላንካስ ከድሮ ዘመን ተነስቶ ወደፊት ተጉዞ አልበሙን የቀዳ ባንድ እንዲመስሉ ይፈልግ ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር። ከዚያ በኋላ ያለው ምርጫ ሁሉ ከሷ ይወጣል። ማስተጋቢያ ይብዛ ወይስ ይቅር? ይቅር። ድራሙ ሰፊ ይሁን ወይስ ጠባብና ደረቅ? ደረቅ። ድምፁ ይጥራ ወይስ ይሻክር? ይሻክር።

ተቀመጡና የራሳችሁን ዓረፍተ ነገር ጻፉ። «ጥራት ያለውና ዘመናዊ» አይቆጠርም፣ ምንም አይወስንም። «ጠባብ ክፍል ውስጥ ባንዱ አጠገብ የቆምክ ያህል» ይቆጠራል። «ድራሙ ሩቅ፣ ዘፋኙ ጆሮ ሥር» ይቆጠራል። ከዚያ ወደዚህ ድምፅ የሚቀርቡ ሦስት የሌላ ሰው ዘፈኖች ስልካችሁ ላይ ያዙ። በኋላ ክርክር ሲነሳ፣ መነሳቱ አይቀርም፣ እነሱን ክፈቱና አወዳድሩ። ባዶ ሜዳ ላይ «ይሄ አልጣመኝም» ከመባባል ይሻላል።

የመጨረሻ ቃል ያለው ማን እንደሆነም አሁኑኑ ተስማሙ። ዴሞክራሲ ለልምምድ ጥሩ ነው፣ ለሚክሲንግ (የተቀዱትን ድምፆች አመጣጥኖ ለማዋሃድ) ግን መርዝ ነው። አምስት ሰው ፌደር (የድምፅ መጠን መቆጣጠሪያ) ላይ ሲጣላ ሁሉም የራሱን መሣሪያ ከፍ አድርጎ ይሄዳል። በየዘፈኑ ተራ መግባትም ይቻላል፣ ደራሲው ይወስናል ማለትም ይቻላል። ብቻ አንድ ሰው ይሁን።

እኛ ጋ የተለመደ አንድ አሠራር አለ፤ ለሮክ ባንድ ግን አይሆንም ባይ ነኝ። አልበም ሲታሰብ ግጥም ከአንዱ፣ ዜማ ከሌላው፣ ቅንብር ከሦስተኛው ይገዛል። ለብቻው ለሚዘፍን ድምፃዊ ይሄ ያስኬዳል፣ ድንቅ ሥራዎችም ወጥተውበታል። ባንድ ግን ቅንብሩ ራሱ ነው። ጊታሪስቱ የሚመርጠው ቦታ፣ ቤዚስቱ የሚዘገይበት መንገድ፣ ድራመሩ የሚተወው ክፍተት፣ ማንነታችሁ እሱ ነው። ቅንብሩን ኪቦርድ ላይ ለሚሠራ ሰው ከሰጣችሁት ዘፈኑ ከሌላው ሰው ዘፈን ጋር ተመሳስሎ ይመለስላችኋል፣ እናንተም በራሳችሁ አልበም ላይ እንግዳ ትሆናላችሁ። ግጥም ካስፈለጋችሁ ግዙ። ቅንብሩን አታስነኩ።

ቅኝትና ጊታር ላይ ሳንረሳው እንነጋገር። በዲስቶርሽን (ድምፁን በሚያሻክር መሣሪያ) የሚመታ ጊታር ብዙውን ጊዜ ፓወር ኮርድ ነው፣ ማለትም መነሻው ኖታና አምስተኛው ብቻ። ሦስተኛው የለበትም፤ የደስታና የሐዘን ስሜቱን የሚወስነው ደግሞ ሦስተኛው ነው። ስለዚህ መነሻው ላይ የተመታ ፓወር ኮርድ ከሜጀር ትዝታም ከማይነር ትዝታም ጋር ሳይጣላ ይሄዳል። ባቲና አምባሰልም አምስተኛው ስላላቸው ችግር የለም። ችግሩ አንቺሆዬ ነው። እዚያ ንጹህ አምስተኛ የለም፣ ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ኖታ ነው ያለው፤ ስለዚህ መነሻው ላይ ፓወር ኮርድ ስትመቱ ከዘፋኙ ጋር ይፋጫል። መፋጨቱን ከወደዳችሁት ተጠቀሙበት። ካልሆነ ጊታሩ መነሻውን ብቻ ይያዝ፣ ወይም ዜማውን ተከትሎ ነጠላ ኖታ ይጫወት። የሮክ ጊታርና የኛ ቅኝት አብረው መሄድ መቻላቸውን መስማት የሚፈልግ የጃኖ ባንድን የመጀመሪያ አልበም «ኤርታሌ»ን ይስማ። በ2012 ነው የወጣው፣ ፕሮዲውሰሩም አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ነው።

ስንት ዘፈን?

ከ9 እስከ 11። 40 ደቂቃ ባያልፍ ደስ ይለኛል። እኛ ጋ 14 ዘፈን ካልሞላ የተጭበረበረ የሚመስለው አድማጭ አለ፣ አውቃለሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማችሁ ሰው ግን በአሥራ ሁለተኛው ዘፈን ላይ አብሯችሁ የለም። ገንዘብም አለ። የአራት ደካማ ዘፈኖች ወጪ ለአሥሩ ጥሩዎች ቢውል አልበሙ ሌላ ይሆናል። አንድ ቀን በሸክላ ለማሳተም ካሰባችሁ ደግሞ በደቂቃ 33 ዙር በሚዞር ትልቅ ሸክላ አንድ ገጽ ላይ ጥሩ ድምፅ የምታገኙት እስከ 20 ደቂቃ ገደማ ነው። ከዚያ ሲረዝም ድምፁ እየሳሳ ይሄዳል።

ምርጫውን ሰው ፊት አድርጉት። መድረክ ካገኛችሁ መድረክ ላይ፣ ካላገኛችሁ የጓደኛ ልደት ላይ። ጥሩ ነው አይደለም ብላችሁ አትጠይቁ፣ ሁሉም ጥሩ ነው ይላችኋል። ስልኩን መቼ እንዳወጣ እዩት። ዘ ስትሮክስ የአልበሙን ዘፈኖች ከመቅዳታቸው በፊት በኒውዮርክ ትናንሽ ክለቦች ደጋግመው ተጫውተዋቸዋል። አርክቲክ መንኪስ የሚባሉት የእንግሊዝ ሼፊልድ ባንድ ደግሞ የሙከራ ቅጂዎቻቸውን ሲዲ ላይ እየገለበጡ በየኮንሰርቱ በነጻ ያድሉ ነበር፤ አድናቂዎች ኢንተርኔት ላይ አዳረሱላቸው። የመጀመሪያ አልበማቸው በጃንዋሪ 2006 ሲወጣ ሰው ግጥሙን ቀድሞ ያውቀው ስለነበር በአንድ ሳምንት ብቻ እንግሊዝ ውስጥ ከ360,000 በላይ ቅጂ ተሸጠ። በዛሬ ጊዜ ሲዲ ማደል አያስፈልግም፣ የቴሌግራም ቻናል ያንኑ ይሠራል።

አልበሙ ላይ ከሚገቡት ሌላ አንድ ወይም ሁለት ተጨማሪ ዘፈን ቅዱ። ትርፍ ነገር ይመስላል፣ አይደለም። «ኢዝ ዚስ ኢት» እንግሊዝ ውስጥ ኦገስት ላይ ወጥቶ የአሜሪካው ሲዲ ሴፕቴምበር መጨረሻ ላይ ሊወጣ ቀጠሮ ተይዞለት ነበር። መሀል ላይ የሴፕቴምበር 11ዱ ጥቃት ደረሰ። አልበሙ ላይ ደግሞ በከተማይቱ ፖሊሶች የሚያሾፍ ዘፈን አለ። በዚያ ሰሞን ያንን ዘፈን ማውጣት አልተፈለገም፣ በሌላ ዘፈን ተተክቶ ሲዲው ወደ ኦክቶበር ተገፋ። የእናንተ ምክንያት ከዚህ ያነሰ ይሆናል። ግጥሙን የሰጣችሁ ሰው ሐሳቡን ሊቀይር ይችላል። አንዱ ዘፈን ሚክስ ሲደረግ እንቢ ሊል ይችላል።

ልምምድና የስልክ ቅጂ

ልምምዳችሁን በሙሉ በስልክ ቅዱ። ስልኩን ክፍሉ መሀል ላይ አድርጉት፣ ዘፋኙ አጠገብ አይደለም። ያን ቀን አትስሙት፣ በማግስቱ ስሙት። በስልክ ቅጂ የማይጥም ዘፈን ውድ ማይክ አያድነውም። ሁለት ጊታር አንድ ዓይነት ነገር እየመቱ ከሆነ ወዲያው ይታወቃል። ያኔ አንዱ ወደ ላይኛው የጊታር አንገት ይሂድ ወይም ዝም ይበል። ዝም ማለት ብዙዎቻችን የማንችለው ነገር ነው። «ኢዝ ዚስ ኢት» ላይ ያሉትን ሁለት ጊታሮች በጆሮ ማዳመጫ ስሟቸው፤ አንዱ ሲያወራ ሌላው ቦታ ይለቅለታል።

የየዘፈኑን ፍጥነት በሜትሮኖም ለክታችሁ ጻፉ። በሚቀዳበት ቀን ደም ይሞቃል፣ ሁሉም ዘፈን ይፈጥናል፣ ዘፋኙም ቃላቱን መዋጥ ይጀምራል። የአማርኛ አድማጭ ደግሞ ግጥም ካልሰማ ይቀየማችኋል፤ ቃል መዋጥን ከፈረንጅ ባንዶች ልምድ አትማሩ።

ክሊክ (በጆሮ ማዳመጫ የሚሰማ የሜትሮኖም ምት) ይዘን እንቅዳ ወይስ ያለ ክሊክ? ሁላችሁም በአንድ ጊዜ የምትጫወቱ ከሆነና ድራመራችሁ የተረጋጋ ከሆነ ያለ ክሊክ ይሻላል እላለሁ፣ ዘፈኑ ይተነፍሳል። እየቆረጣችሁ ልትቀጥሉ ወይም ኪቦርድ በኋላ ልትጨምሩ ካሰባችሁ ክሊክ ግድ ነው። ስቱዲዮ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ክሊክ የሚሰማ ድራመር ግን ያሳዝናል። ቢያንስ አንድ ወር በጆሮው ይዞት ይለማመድ።

ለመቅዳት የተዘጋጃችሁት መቼ ነው? ሁሉንም ዘፈኖች ሳታቆሙ፣ በተከታታይ፣ ወረቀት ሳታዩ ስትጫወቱ። የመቅጃውን ቀን ያኔ ያዙ፣ ከዚያ በፊት አይደለም።

ቅጂው

ሁለት መንገድ አለ። ስቱዲዮ መከራየት ወይም ራሳችሁ መቅዳት። እኔ የማደላው ለቅልቅሉ ነው። ድራሙን፣ ቤዙንና ዋናዎቹን ጊታሮች አንድ ሰፋ ያለ ክፍል ያለው ስቱዲዮ ገብታችሁ በአንድ ላይ ተጫወቱ፤ ድምፅና ተጨማሪ ጊታር ቤት ቅዱ። ውድ የሆነው ድራም ነው፤ ማይኩም፣ ክፍሉም፣ ጎረቤቱም።

ስቱዲዮ ስትዋዋሉ በዘፈን ሳይሆን በቀን ተዋዋሉ፤ በዘፈን ሲሆን ባለሙያው ይቸኩላል። ደግሞ የእያንዳንዱ ትራክ ጥሬ ፋይል የእናንተ መሆኑን በጽሑፍ አስቀምጡ። ከቅጂው በኋላ ፋይል ለመቀበል ሰው ደጅ የሚጠናበት ጊዜ ብዙ ነው። ሃርድ ዲስክ ይዛችሁ ሂዱ፣ በየማታው ገልብጡ፣ ሁለተኛ ቅጂ ሌላ ሰው ቤት ይደር።

ድራሙን ለመቅዳት 12 ማይክ አያስፈልግም። ራፋኤል «ኢዝ ዚስ ኢት» ላይ ሦስት ማይክ ነበር የተጠቀመው፤ ድራመሩ ፋብሪዚዮ ሞሬቲም እንደ ድራም ማሽን ቀጥ ብሎ ነው የሚመታው። በሦስት ማይክ የሚሠራ የታወቀ ዘዴ አለ፣ በእንግሊዛዊው መሐንዲስ ግሊን ጆንስ ስም ይጠራል። አንዱን ማይክ ከስኔር ድራሙ በላይ አንድ ሜትር ያህል ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉ። ሁለተኛውን በፍሎር ቶሙ በኩል፣ ከጎን፣ ወደ ስኔሩ አዙራችሁ አቁሙ። ከዚያ ክር ውሰዱና ከስኔሩ መሀል እስከ ሁለቱም ማይኮች ያለው ርቀት እኩል መሆኑን ለኩ። ይሄ ልኬት ቀልድ አይደለም። ርቀቱ ከተለያየ የስኔሩ ድምፅ ሁለቱ ማይኮች ጋ በተለያየ ጊዜ ይደርስና ሲቀላቀል ይኮሰምናል። ሦስተኛው ማይክ ቤዝ ድራሙ ፊት ነው። በቃ። ከማይኩ በፊት ግን ቆዳው አዲስ ይሁን፣ ቅኝቱ ይስተካከል፣ የሚንጫጫውን ፔዳል ዘይት ቀቡት። ያረጀ ቆዳን ሚክስ የሚያደርግ ሰው አልተወለደም።

ለጊታር ሹር ኤስኤም 57 የሚባለው ማይክ አንዱ በቂ ነው። የአምፑ ስፒከር ጨርቅ ጋ አስጠግታችሁ ከመሀል ትንሽ ወደ ጎን አድርጉት። መሀል ላይ ሲሆን ይጮኻል፣ ወደ ጠርዝ ሲሄድ ይለዝባል፤ በጣት ስፋት እያንቀሳቀሳችሁ ስሙ። አዲስ ክር ግጠሙ፣ በየዘፈኑ መሀል ቅኝት አረጋግጡ። ዲስቶርሽኑን ደግሞ መድረክ ላይ ከምትጠቀሙበት ቀንሱት። ሁለት ጊታር ሲደራረብ ራሱ ይወፍራል። ቤዝ በቀጥታ ወደ ኦዲዮ ኢንተርፌሱ (መሣሪያንና ማይክን ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኘው ሳጥን) ይግባ፣ ቀላሉ እሱ ነው።

ድምፅ ላይ ካዛብላንካስ ያደረገው ነገር ለድሃ ባንድ በረከት ነው። በትንሽ የፒቪ መለማመጃ አምፕ አሳልፎ ነው የዘፈነው፤ ያ ሻካራ፣ በስልክ የሚያወራ የሚመስል ድምፅ የመጣው ከዚያ ነው። ሁሉም አልወደደለትም፣ ኩባንያው ውስጥም ድምፁ ያልተሠራ መሰለን ያሉ ነበሩ። እናንተ ስትሞክሩት ንጹሁን ድምፅም ለብቻው በሌላ ትራክ ያዙ፤ ግጥሙ ካልተሰማ ሁለቱን ቀላቅላችሁ ታስተካክላላችሁ። የሻከረውን ብቻ ከያዛችሁ መመለሻ የለውም።

ቤት ስትቀዱ ሶፍትዌር አያስጨንቃችሁ። ሪፐር የሚባለው የመቅጃ ፕሮግራም ለ60 ቀን ሙሉ በሙሉ ይሞከራል፣ ለአነስተኛ ተጠቃሚ ዋጋውም 60 ዶላር ነው። የቅጂውን ጥራት 24 ቢት፣ 48 ኪሎኸርዝ አድርጉት። ድምፁ ሲጮኽ ከዜሮ በታች 10 ዲሲቤል አካባቢ ይድረስ፤ ቀይ ከነካ የተበላሸው አይመለስም። የእንቁላል ካርቶን ግድግዳ ላይ መለጠፍ ድካም ብቻ ነው፣ ድምፅን ከመግባትም ከመውጣትም አይከለክልም። ከዘፋኙ ጀርባና ጎን ወፍራም ብርድ ልብስ ወይም ፍራሽ አቁሙ፣ ጋቢም ይሠራል። በር ክፍት የሆነ በልብስ የተሞላ ቁም ሳጥን ፊት መዝፈንም መጥፎ አይደለም።

መብራት። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚተካ ባትሪ) ከሌላችሁ ላፕቶፑ በባትሪው ይሥራ፣ ባትሪው ደህና ይሁን፣ እያንዳንዱ ቅጂ ካለቀ በኋላ ሴቭ አድርጉ። ሰዓቱንም ምረጡ። ሌሊት ጸጥ ያለ ይመስላል፣ ግን ውሻው አለ፣ ንጋት ላይ አዛኑና ቅዳሴው አለ። እኔ የምመርጠው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ሰፈሩ ሥራ ላይ ነው፣ ዘፋኙም ጉሮሮው ተከፍቷል።

ስንት ጊዜ እንቅዳው? ሦስት ወይም አራት ጊዜ ከተጫወታችሁት በኋላ ካልሆነ ሌላ ዘፈን ጀምሩና በኋላ ተመለሱ። ከአሥረኛው በኋላ ስህተቱ ይቀንሳል፣ ስሜቱም ይሞታል። ትንሽ ስህተት ያለበትን ሕያው ቅጂ ከተስተካከለው ደረቅ ቅጂ በፊት ምረጡ፤ ስህተቱን የምታውቁት እናንተ ብቻ ናችሁ።

ሚክስና ማስተር

ሁለቱን ጊታሮች አንዱን ወደ ግራ፣ አንዱን ወደ ቀኝ አርቋቸው። ቤዝ፣ ቤዝ ድራምና ዘፋኙ መሀል። ይሄን ብቻ ብታደርጉ ግማሹ መንገድ አለቀ። ከዚያ በስልክ ስፒከር ስሙት፣ ብዙ ሰው የሚሰማው በዚያ ነው። ቤዙ ከጠፋ ከፍ ማድረግ ብቻውን አያዋጣም፤ ትንሽ ዲስቶርሽን ጨምሩበት፣ ትንሿ ስፒከር የምታወጣቸው ድምፆች ያኔ ይወለዳሉ። ሚኒባስ ውስጥ፣ ካፌ ውስጥ፣ በርካሽ የጆሮ ማዳመጫም ስሙ። ሦስቱን የማወዳደሪያ ዘፈኖች አትርሱ፣ በድምፅ መጠን እኩል አድርጋችሁ አወዳድሩ። የሚጮኸው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላልና።

ማስተሪንጉን፣ ማለትም ሚክሱ ያለቀው አልበም ከመውጣቱ በፊት የሚደረግለትን የመጨረሻ የድምፅ ማስተካከያ፣ ግን ራሳችሁ አትሥሩት። ዘ ስትሮክስ በምድር ቤት ቀዱ፣ ለማስተሪንግ ግን ስተርሊንግ ሳውንድ የሚባል የማስተሪንግ ስቱዲዮ ለሚሠራው ለግሬግ ካልቢ ነው የሰጡት። ያላችሁን ገንዘብ አንድ ቦታ ላይ ማውጣት ካለባችሁ እዚህ አውጡ፣ ጊታር ከመቀየር ይልቅ። ዘፈኑን ወራት ሙሉ የሰማ ጆሮ አይፈርድም፣ አዲስ ጆሮ ያስፈልጋል። «በጣም ይጩኽልን» አትበሉት። ስፖቲፋይ በተለመደው አሠራሩ የሚጮኸውን ሁሉ ከዜሮ በታች ወደ 14 ኤል.ዩ.ኤፍ.ኤስ. (የጩኸት መለኪያ ነው) ያወርደዋል፤ ደፍጥጣችሁ ያስጮኻችሁት ዘፈን ይቀነስና ድፍጥጡ ብቻ ይቀራል።

ከመለቀቁ በፊት ያለው ወረቀት

አሰልቺ ነው፣ ግን ባንድ የሚፈርሰው እዚህ ነው። አንድ ገጽ ወረቀት ላይ የየዘፈኑን ግጥም፣ ዜማና ቅንብር ማን እንደሠራው፣ ቅጂው የማን እንደሆነ፣ ገቢው በስንት በስንት እንደሚካፈል ጻፉና ሁላችሁም ፈርሙ። አንድ ሰው ባንዱን ቢለቅ ምን እንደሚደርሰውም ጻፉ። ገና ምንም ብር ሳይመጣ ስታደርጉት ማንም አይከፋውም። ኢትዮጵያ ውስጥ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይሄ በእኛ አቆጣጠር ነው) የደራሲውንም፣ የከዋኙንም፣ የድምፅ ቅጂ አዘጋጁንም መብት ለየብቻ ነው የሚያየው። እናንተ ሦስቱንም ስለሆናችሁ መለየቱ አሁን አይታያችሁም፣ ዘፈኑ ማስታወቂያ ላይ ሲፈለግ ይታያችኋል።

ለስርጭት፣ ማለትም ዘፈኑን ወደ ስፖቲፋይና ወደመሳሰሉት ለማድረስ፣ ዲስትሮኪድ፣ ቱንኮር ወይም ሲዲ ቤቢ አለ። ከመመዝገባችሁ በፊት ግን ገንዘቡ ባላችሁበት አገር በምን መንገድ እንደሚደርሳችሁ አጣሩ፣ ብዙዎች የሚነቁት በኋላ ነው። ዩቲዩብ ላይ የራሳችሁ ቻናል ይኑራችሁ፤ የእኛ ሰው ሙዚቃ የሚሰማው በብዛት እዚያ ነው። የአገር ቤቱን የሙዚቃ መተግበሪያ ሰዋስውንም እዩት። ፋይሉን ከመልቀቂያው ቀን አንድ ወር አስቀድማችሁ ላኩ፤ የስፖቲፋይ አዘጋጆች ዘፈናችሁን እንዲያዩት ማመልከት የሚቻለው ቢያንስ ከሰባት ቀን በፊት ነው። ሽፋኑ አራት ማዕዘን፣ 3000 በ3000 ፒክስል። ስልክ ላይ የጥፍር ያህል ሆኖ ስለሚታይ ብዙ ጽሑፍ አትጫኑበት።

የዘፈኖቹ ቅደም ተከተል ላይ አትራቀቁ። ጠንካሮቹን ሦስት ዘፈኖች ከመጀመሪያዎቹ አምስት ውስጥ አስገቡ፣ አንድ ዓይነት ፍጥነት ያላቸውን አታከታትሉ፣ በመሀላቸው ያለውን ዝምታም ራሳችሁ ለኩ። ዝምታው የማስተሪንጉ ባለሙያ የሚጨርሰው ሥራ ነውና ከመላካችሁ በፊት ንገሩት።

አንድ የመጨረሻ ነገር፣ ስማችሁን በላቲን ፊደል እንዴት እንደምትጽፉት ተስማሙና ወረቀት ላይ አስፍሩት። የባንዱን ስም፣ የየዘፈኑን ርዕስ፣ የየአባሉን ስም። አንዴ በአንድ «ኤ»፣ አንዴ በሁለት ከጻፋችሁት ስፖቲፋይና አፕል ሙዚክ ሁለት የተለያዩ ባንዶች ያደርጓችኋል፣ አድማጩም ለሁለት ይከፈላል። ማስተካከያ ጠይቆ መልስ እስኪመጣ ደግሞ የመልቀቂያው ሳምንት ያልፋል።